ጉና የታየ ዕለት

አባቴ በሞቱበት ቀን እኔ ጉና ተራራ ላይ ቆሜ እየሳቅኩ ነበር። ይህን የማወራው ሰው እንዲያዝንልኝ ብዬ አይደለም። ያን ቀን አጠገቤ የነበረው ጓደኛዬ አባቴ ማረፋቸውን ያውቅ ነበር። ከጣና ሐይቅ ዳር እስከ ባሕር ዳር ያሉት ዘመዶቼም በሙሉ ያውቁ ነበር። ያልሰማሁት እኔ ብቻ ነበርኩ። እንዲህ ያለ ነገር ደርሶባችሁ ከሆነ፣ ወይም እናንተው በሌላ ሰው ላይ አድርጋችሁት ከሆነ፣ እስከ መጨረሻው ታገሡኝ።

ባሕር ዳር ውስጥ ትንሽ ፎቶ ቤት አለኝ። እንጀራዬ ሠርግ ነው። ሙሽሮችን ሐይቁ ዳር አቁሜ "አገጭ ቀና፣ እጅ ለእጅ፣ አሁን ሳቅ" ስል እውላለሁ። ሠርግ በማይኖርበት ጊዜ ደግሞ ተራራ አነሳለሁ። ባለቤቴ ይህንን ልማዴን እንደ በሽታ ነው የምታየው። እኔ ግን ተራራን የምወድበት ምክንያት አለኝ፤ ዝም ብሎ ይቆማል፣ "ፎቶዬ ለምን ወፍራም አስመሰለኝ" ብሎም አይጨቀጭቅም።

ለዚህ ሥራ ጥሩው ጊዜ ብዙ ሰው እንደሚገምተው መስከረም አይደለም። በጋውን ሙሉ አቧራውና የማሳው ጭስ ሰማዩን ያለብሰዋል። ሐምሌ ሲገባ ደግሞ ደመናው ይዘጋዋል። በመካከል፣ በሰኔ መጀመሪያ፣ የመጀመሪያዎቹ ዝናቦች አየሩን ሲያጥቡት ጥቂት ንጹሕ ቀናት ይገኛሉ። ያኔ ተራራው ቅርጹን ሳይደብቅ ይታያል።

ይህንን ያስተማሩኝ አባቴ ናቸው። አባቴ ከሐሙሲት ወደ ሐይቁ ወረድ ብሎ ባለች አንዲት ደብር የሚያገለግሉ መሪጌታ ነበሩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ዜማ ሲያስተምሩ ከሐይቁ ዳር ርቀው አያውቁም። በበጋ በምሥራቅ በኩል ያለው ሰማይ ነጭ ሆኖ ይከርማል። በሰኔ አንድ ማለዳ ግን ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ጉና ከሜዳው ማዶ ተገትሮ ያገኙታል። ስልክ ከገዛሁላቸው ጀምሮ በዚያች ማለዳ ሳይደውሉልኝ ቀርተው አያውቁም።

"አንተነህ፣ ጉና ታየ" ይሉኛል። ሰላምታ የለ፣ ደኅና ዋል የለ። ይህችን ተናግረው ስልኩን ይዘጋሉ።

በዚያ ዓመት ፋሲካን አብሬያቸው ዋልኩ። መንገዱ ሲዘጋና ሲከፈት ከርሞ ስለነበር ከተያየን ብዙ ጊዜ ሆኖን ነበር። ከሲታ ሆነው አገኘኋቸው፤ ድምፃቸው ግን ያው ነበር። በስልኬ ያሉትን ፎቶዎች አሳየኋቸው። ስልኩን ከዓይናቸው አራቁና አንዱን ትኩር ብለው አዩት።

"ይህ ጉና ነው?"

"አዎ አባባ። ከሥሩ ሆኜ ያነሳሁት ነው።"

"ከላይስ? ወጥተህ ወደዚህ ወደኛ አላየህም?"

"ወጥቼ ነበር፤ ደመና ጋረደኝ።"

ስልኩን መለሱልኝና ወደ ምሥራቅ ቀና አሉ። ያን ቀን በዚያ በኩል የሚታይ ነገር አልነበረም። "ዕድሜዬን ሙሉ እኔ እሱን ሳይ ኖርሁ" አሉኝ። "ከዚያ ላይ ለሚያየን እኛስ ምን እንመስል ይሆን?"

"ዘንድሮ አሳይዎታለሁ።"

"በል እንግዲህ። ዓይኔ ሳይፈዝ አድርሰው" አሉና ሳቁ።

ሰኔ ገባ፤ ደወሉልኝ። "ጉና ታየ" አሉ። በዚያ ቀን ግን እንደ ልማዳቸው ስልኩን አልዘጉትም። "ትወጣለህ?" ብለው ጠየቁኝ። እንደምወጣ ነገርኳቸው። "እግዚአብሔር ይከተልህ" አሉኝ። ከዚያ በኋላ ድምፃቸውን አልሰማሁም።

ወዲያው ለኑሩ ደወልኩ። ኑሩ የወረታ ልጅ ነው፤ ነጋዴ ነው። ከተማሪነታችን ጀምሮ ጓደኛዬ ነው። በፒክአፑ ልብስ ጭኖ እስከ ደብረ ታቦርና ከዚያም አልፎ ገበያ ስለሚዞር የጉናን መንገድ ከእኔ አብልጦ ያውቃል። አባቴ ለኢድ ደውለው "እንኳን አደረሰህ ልጄ" የሚሉት ሰው ነው። የምሄደው ለማን እንደሆነ ስነግረው ገበያውን ትቶ መጣ። ደብረ ታቦር አድረን በማለዳ ተነሣን፤ መኪናው እስከሚችለው ድረስ ወጣን፤ የቀረውን በእግራችን ተያያዝነው።

ላይ ስንደርስ ደመናው ጠበቀን። ከጥቂት የጅብራ ዛፎችና ከጓሳው ሣር በቀር የሚታይ ነገር አልነበረም። ካሜራውን በማቆሚያው ላይ አድርጌ ፌስታል አለበስኩትና መጠበቅ ጀመርኩ። የተራራ ፎቶ ሥራው ይኼው ነው፤ ከአሥር ዘጠኙ እጅ መጠበቅ ነው። ኑሩ ጃኬቱን እስከ አገጩ ቆልፎ "ሠርግ ላይ ብንሆን እስካሁን ሁለት ጊዜ በልተን ነበር" እያለ ያማርራል። ረፋዱ ላይ "ለሱቁ ልደውል" ብሎ ኔትወርክ ወደሚገኝበት ጉብታ ሄደ።

እዚያ ሲደርስ ስልኩ ቀድሞ ጠራ። የደወሉለት የአባቴ ታናሽ ወንድም አያ ደሴ ነበሩ። የተነጋገሩትን ኑሩ ኋላ እንዲህ ብሎ ነገረኝ።

"ልጁ አንተ ዘንድ ነው?"

"አዎ አያ ደሴ፣ አብረን ነን።"

"መሪጌታ አርፈዋል። ከኪዳን ተመልሰው ጋደም እንዳሉ ቀሩ። አደራ እንዳትነግረው። ቀስ ብለህ ይዘኸው ና። ሳይመጣ አንቀብርም፤ አንተም አታዘግየው።"

መርዶ እንዴት እንደሚነገር ለእናንተ አልነግራችሁም። ማለዳ፣ በቤቱ፣ የሚደግፉት ዘመዶች ከበውት ነው ሰው የሚረዳው። በተራራ ጫፍ፣ ገደል አጠገብ፣ አንድ ለአንድ ቆሞ "አባትህ ሞቱ" የሚል ሰው በአገራችን የለም። ኑሩም አላለም። ተመልሶ ሲመጣ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር።

"ስልክህን ስጠኝ፤ የእኔ ባትሪ አለቀ" አለኝ።

ሰጠሁት። ዞር ብሎ አጠፋውና ኪሱ ከተተው። "ነፍስ ይማር" የሚሉ መልእክቶች ይላኩልኝ እንደነበር ያወቅኩት በኋላ ነው።

"አንተነህ፣ እንውረድ።"

"ገና መምጣታችን እኮ ነው!"

"ዝናብ ከመጣ መኪናዋን ጭቃ ይይዛታል።"

"ዝናብ ከመጣማ ደመናው ይነሳል።"

"ሌላ ቀን እንመለሳለን።"

"ሌላ ቀን መንገዱ ክፍት እንደሚሆን ማን ነገረህ?"

እኔ የመሰለኝ በብርድ መሸነፉ ነው። በእርግጥ "አባትህን ትንሽ አሟቸዋል" ማለት ይችል ነበር። ግን ይህችን ውሸት የማያውቃት ማን አለ? ቃሉ ከአፉ ሳይወጣ ነበር የምረዳው። ስለዚህ የጭቃውን፣ የጎማውን፣ የነዳጁን ነገር እየቀያየረ ይለምነኝ ጀመር። እኔም በእያንዳንዱ እየሳቅኩ መለስኩት።

ቆይቶ ደግሞ ተነሥቶ ከፊቴ ቆመ። "ለመሆኑ ለማን ብለህ ነው በዚህ ብርድ የምትቀጣው?" አለኝ። በቁጣ ነበር የተናገረው።

"ለአባባ ነዋ!" አልኩት። "ዛሬ ስንመለስ በሐሙሲት አድርገን ቤት እንገባለን። ካሜራውን እፊታቸው አስቀምጬ፣ 'ይኸው፣ ከላይ ስትታዩ ይህን ትመስላላችሁ' እላቸዋለሁ። አስበው እስኪ፣ ምን እንደሚሉ።"

ኑሩ አፉን ከፍቶ ነበር። ዘጋውና ዞሮ ሄዶ አንዱ ጅብራ ሥር ተቀመጠ። ከዚያ በኋላ እንውረድ አላለኝም።

ብርዱን ለመርሳት ዘፈን ጀመርኩ፤ እየዘለልኩ እጄን አሟሟቅኩ። ሌንሱን ለማስተካከል ብዬ ካሜራውን ወደ ኑሩ አዞርኩት። "ፈገግ በል እንጂ! ምን ሆነሃል፣ ሰው የሞተብህ ትመስላለህ" አልኩት። "ብርዱ ነው" አለኝ። ያ ፎቶ እስከ ዛሬ አለኝ። ከጀርባው ደመና ብቻ ነው፤ ዓይኖቹ ቀጥ ብለው እኔን ያያሉ። ስንት ሺህ ፊት ያነሳሁ ሰው፣ ያንን ፊት ማንበብ አልቻልኩም።

ከቀትር በኋላ ነፋሱ ዞረ። ደመናው ከግራ በኩል ተቀደደና ቀስ እያለ እንደ መጋረጃ ተሰበሰበ። መጀመሪያ ከሥራችን ያለው ገደል ታየ፤ ቀጥሎ የፎገራ ሜዳ፣ አዲስ የታረሰው ጥቁር፣ ውኃ የተኛበት እያንፀባረቀ። ከሜዳው ጫፍ ደግሞ ሐይቁ። ጣና ከዚያ ላይ ሲታይ ሰማይና ምድርን የሚለይ አንድ ቀጭን ብርሃን ነው። ትልቁን ሌንስ ቀየርኩና በዳርቻው ላይ ፈለግኩ። የመጣሁላት ጥቁር ነጥብ፣ የደብራችን ዛፎች፣ እዚያው ነበረች። ደጋግሜ አነሳሁ።

"አባባ፣ ይኸው!" ብዬ ጮህኩ። የምር ጮህኩ፤ ድምፄ ወደ ሜዳው ሄደ።

ከኋላዬ ለቅሶ ሰማሁ። ዞር ስል ኑሩ ተንበርክኮ እንደ ሕፃን ያለቅሳል። እኔ ደግሞ ሳቅ አፈነኝ። "አንተ የወረታ ነጋዴ፣ ተራራ አይተህ ታለቅሳለህ?" አልኩት። ተነሥቶ አቀፈኝ፤ ለረጅም ጊዜ አልለቀቀኝም። እኔም ጀርባውን እየመታሁ "አየህ፣ መጠበቅ ደግ ነው አላልኩህም?" እለው ነበር። ከጉና የተነሣው ደመና በሜዳው ላይ እየጠቆረ ወደ ሐይቁ ሲወርድ ከትከሻው በላይ አየሁት። ያምር ስለነበር እሱንም አነሳሁት።

ስንወርድ ኑሩ መኪናውን ያበረው ነበር። ደብረ ታቦር ላይ ምሳ እንብላ ስለው ሆዴን አሞኛል አለኝ። እኔ ዳቦ ገዝቼ በጉዞ ላይ እያወራሁ ስበላ ዞር ብሎ አላየኝም። ወረታ የገዛ ቤቱ ደጃፍ ሲደርስም አልቆመም። ሜዳው ላይ ዝናብ ተቀበለን፤ መጥረጊያው እስኪያቅተው ዘነበ። ሐሙሲት ስንገባ አባርቶ ነበር።

ሐሙሲት ላይ ሻይ የምጠጣባት አንዲት ሴት አለች። ባየችኝ ቁጥር መንገድ አቋርጣ "ፎቶዬን ሳታመጣ ሻይ የለም!" እያለች የምትጮህ ናት። በመስኮት አንገቴን አውጥቼ እጄን አውለበለብኩላት። አየችኝና እጇን አፏ ላይ ጭና ወደ ውስጥ ገባች። ደስታዬ ያኔ ቆመ። ኑሩ መኪናውን ወደ ሐይቁ በሚወስደው መንገድ አጠፈ። ጥቂት እንደሄድን ከታች ሰዎች ሲመጡ አየሁ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል፤ ወንዶቹ ጃንጥላቸውን አጥፈው ይዘዋል፤ የሁሉም እግር ጭቃ ነው። ለመኪናው መንገድ ለቀቁ። ብዙዎቹን አውቃቸዋለሁ፤ አንዳቸውም ቀና ብለው አላዩኝም።

"ኑሩ፣ ስልኬን ስጠኝ።"

መኪናውን አቆመ። ስልኩን ግን አላወጣም።

"ማን ነው?" አልኩት።

ሞተሩን አጠፋ።

"እናቴ ናት?"

"አይደሉም" አለኝ።

እንዲህ ነው የተረዳሁት። የአባቴን ስም ሳይጠራ ነገረኝ። በሩን ከፍቼ ስወጣ ከቀብር የሚመለሱት ሰዎች ለቅሶውን እንደ አዲስ አነሡትና ከበቡኝ። ያን ሁሉ መንገድ በጭቃ ወጥተው ከእኔ ጋር ተመልሰው ወረዱ። ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ ስደርስ አፈሩ ተከምሮ፣ ዝናቡ አርሶት ነበር። የካሜራ ቦርሳዬ ትከሻዬ ላይ እንደነበረ ያወቅኩት አንድ ሰው ሲያወርድልኝ ነው።

አያ ደሴ ራሴን ደረታቸው ላይ አድርገው ይዘውኝ ነበር። "ጠበቅንህ ልጄ" ይሉኝ ነበር። "ዓይናችን መንገድ መንገድ እያየ ጠበቅንህ። ኋላ ሰማዩ ከጉና በኩል ጠቁሮ መጣ። ጉድጓዱን ውኃ ሊሞላው ሆነ። ምን እናድርግ?"

ያን ደመና አውቀው ነበር። ከላይ ሆኜ አይቼው፣ ያምራል ብዬ አንስቼው ነበር።

ኑሩ ራቅ ብሎ ቆሞ ነበር። ሄጄ ደረቱን ገፋሁት። "ያን ሁሉ ሰዓት! ጠዋት ብትነግረኝ እደርስ ነበር! አፈር አለብሳቸው ነበር!" አልኩት። ሰው ገላገለን። እሱ ሰልስቱ እስኪወጣ ድረስ ድንኳኑ ውስጥ ውኃ ሲቀዳና አግዳሚ ሲያነሳ ሰነበተ። እኔ ግን ዓይኑን ማየት አልቻልኩም። ጠላሁት። የአባቴን ሞት ያመጣው እሱ ይመስል ጠላሁት።

ለአርባቸው መጣ። ሰው ሁሉ ሲበተን ከሐይቁ ዳር ካለች አንዲት ድንጋይ ላይ ብቻዬን ተቀምጬ አገኘኝና ሳይፈቀድለት አጠገቤ ተቀመጠ።

"ልነግርህ አፌን ከፍቼ ነበር" አለኝ። "ያን ጊዜ 'ለአባባ ነው' አልኸኝ። ደስ ብሎህ ነበር አንተነህ። ለአባትህ ብለህ ደስ የሚልህ የመጨረሻዋ ሰዓት ናት ብዬ አሰብሁ። እንዴት አድርጌ ልቁረጣት?"

"ቀብራቸውን ወሰድህብኝ።"

"ወሰድሁብህ" አለ። አላስተባበለም።

"ዛሬ ቢሆንስ? እንዲህ እንደሚጎዳኝ እያወቅህ?"

አሰበበት። "ዛሬም ቢሆን አልነግርህም" አለኝ።

ከአባቴ ሞት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅ አመለጠኝ። ሳቁ መሐል ላይ ለቅሶ ሆነ፤ ትከሻውን ይዤ እስኪወጣልኝ አለቀስኩ። ያን ቀን ይቅር አልኩት ልበላችሁ እንጂ፣ ይቅርታው አንድ ቀን የፈጀ አይደለም። እስከ ዛሬም አንዳንድ ማለዳ ስነሳ ቁጣው ከእኔ ቀድሞ ተነሥቶ አገኘዋለሁ።

አንባቢዎቼ፣ መርዶ በዘዴ መነገሩ መጥፎ ነው እያልኳችሁ አይደለም። ሰው ብቻውን እንዳይወድቅ የታሰበ ደግነት መሆኑን አውቃለሁ። ግን ያ ደግነት ከእኔ አንድ ነገር ወስዷል፤ የማይመለስ ነገር። ለባለቤቴም ለወንድሞቼም "የትም ብሆን፣ ገደል አፋፍም ብቆም፣ በሰዓቱ ንገሩኝ" ብያቸዋለሁ። እሺ ይሉኛል። እንደማያደርጉት ከፊታቸው አውቃለሁ፤ አሁን ያንን ፊት ማንበብ ተምሬያለሁ። ይባስ ብሎ ባለፈው ጊዜ የጎረቤታችን ወንድም ሲሞት "እንዳትነግረው" ተብዬ ቀኑን ሙሉ አብሬው ስጫወት የዋልኩት እኔው ነኝ። አንደበቴ አልፈታ አለኝ። ኑሩን በደንብ የተረዳሁት ያኔ ነው።

ፎቶዎቹን ለብዙ ወራት አልከፈትኳቸውም። ኋላ አንዷን በትልቁ አሳትሜ ለእናቴ ወሰድኩላት። ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ጉልበቷ ላይ ዘረጋቻት።

"ይህ ነጩ ሐይቁ ነው" አልኳት። "ይህች ጥቁሯ ነጥብ ደብራችን ናት።"

ጣቷን ነጥቧ ላይ አሳረፈች። "መቼ ያነሳኸው ነው?"

"ያን ዕለት። ከቀትር በኋላ፣ ደመናው ሲነሳ።"

ፎቶዋን አንስታ ወደ ዓይኗ አቀረበቻት።

"እንግዲያውስ እዚህ ውስጥ ነን" አለች። "ከዛፎቹ ሥር ነበርን። ፍትሐቱ ተጀምሮ ነበር። አባትህ ገና አልወረዱም ነበር። ልጄ አልደረሰም እያልሁ አለቅስ ነበር፤ አንተ ለካ ከዚያ ላይ ሆነህ ታየን ነበር።"

አባቴ ከላይ ስንታይ ምን እንመስል ይሆን ብለው ነበር። መልሱ ይህ ነው፤ አንዲት ጥቁር ነጥብ፣ በውስጧ የሚያለቅሱ ሰዎች ያሉባት፣ ሰዎቹ ግን የማይታዩባት። ከአባቴ ቀብር ያለኝ ፎቶ እሷ ብቻ ናት።

ዘንድሮ ሰኔ ገባና ፎቶ ቤቴ ውስጥ አንዲት ሙሽራ አስቀምጬ "አገጭ ቀና" እያልኩ ሳለ ስልኬ ጠራ። እናቴ ነበረች። እናቴ ጠዋት ደውላ አታውቅም፤ ስልክ መደወልም አትወድም።

"አንተነህ፣ ጉና ታየ" አለችኝ። ዘጋችው።

ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ሙሽራዋ አገጯን እንዳቀናች "ምነው፣ ደኅና አይደሉም?" ብላ ጠየቀችኝ።

"ደኅና ነኝ" አልኳት። "ጉና ታይቶ ነው።"